ሠላሳ ዓመት ሊሞላት የቀረበች፣ 61 ሺህ ኪሎ ሜትር ብቻ የሄደች ሴሊካ ገዛሁ፤ ከምኑ ልጀምር?

የማራኪዋ ነርስ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጎንደር ነው የምኖረው፣ ማራኪ። ሰሞኑን ስመኘው የኖርኩትን አገኘሁ፤ ቶዮታ ሴሊካ ገዛሁ። በፈረንጆች 1996 የተሠራች፣ ቀይ፣ ሁለት በር፣ ፊቷ ላይ አራት ክብ መብራት ያላት። ማኑዋል ነች፣ ሞተሯ 1.8። የሸጡልኝ ሰው አውሮፓ ኖረው የተመለሱ ትልቅ ሰው ናቸው። ይዘዋት መጥተው አዘዞ ግቢያቸው ውስጥ በሸራ ሸፍነው ነው ያኖሯት። ለበዓል፣ ለሠርግ ካልሆነ አያወጧትም ነበር። ቆጣሪዋ 61 ሺህ ይላል።

ውስጧን ብታዩት አዲስ ነው የሚመስለው። ወንበሩ አልተቀደደ፣ ዳሽ ቦርዱ አልተሰነጠቀ። ጎማዎቹም ጥርሳቸው ገና ነው። ግን የሚያሳስቡኝ ነገሮች አሉ።

አንደኛ፣ ከፒያሳ ወደ ጎሃ ሆቴል ዳገቱን ስወጣ እንደጠበቅኩት ጉልበት የላትም። ስፖርት መኪና አይደለችም እንዴ? ሁለተኛ፣ አንድ መካኒክ "ቴርሞስታቱን አውጥተን እንጣለው፣ ውሃ ብቻ ሙይባት፣ አትሞቅም" አለኝ። እንዲነካት አልፈቀድኩም፣ ግን ልክ ይሁን አይሁን አላውቅም። ሦስተኛ፣ የታይሚንግ ቺንጋው (የሞተሩን ክፍሎች በጊዜያቸው የሚያዞረው ቀበቶ) ተቀይሮ አያውቅም ብለውኛል። በ61 ሺህ ኪሎ ሜትር መቀየር አለበት? ጓደኞቼ "ገና ነው፣ እስከ 100 ሺህ ይሄዳል" ይላሉ።

ይህችን መኪና በደንብ ይዤ ረጅም ዓመት ልነዳት ነው የምፈልገው። የምታውቁ እባካችሁ ምከሩኝ።

የአውቶፓርኮው መካኒክ፦

እንኳን ደስ አለሽ እህትዓለም። በሰላም የምትነጂያት ያድርግልሽ። ያቺን መኪና ሳላውቃት አልቀርም። ከዓመታት በፊት አዘዞ መንገድ ላይ ስታልፍ አይቻት ቆሜ ነው ያየኋት።

መጀመሪያ አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ሌላው ሁሉ ከዚህ ነው የሚመጣው። ቆጣሪውን ለጊዜው እርሺው። ዕድሜዋን ቁጠሪ። ብረቱ የሚያልቀው በመሄድ ነው። ላስቲኩ፣ ቱቦው፣ ፓራኦሊዮው (ዘይት እንዳይወጣ የሚይዘው የላስቲክ ቀለበት)፣ ጓርኒሲዮኑ (በሁለት ብረት መሀል የሚገባው ማሸጊያ)፣ የፍሬን ዘይቱ የሚያልቁት ግን በዓመት ነው፣ ብትነጂም ባትነጂም። እንዲያውም የቆመ መኪና ላስቲኩ ቶሎ ይደርቃል። ስለዚህ ያንቺ መኪና የ61 ሺህ ኪሎ ሜትር ሞተርና የሠላሳ ዓመት ላስቲክ ያላት መኪና ነች። ሰው የሚሳሳተው አንዱን አይቶ ሌላውን ሲረሳ ነው።

ቆጣሪው እውነት ነው ወይ ለሚለው፣ የፍሬንና የፍሪሲዮን መርገጫውን ላስቲክ እዪ። መስመሩ ካልጠፋ፣ መሪው ካላብረቀረቀ፣ ኮፈኑ ሥር የድሮ ዘይት ቅያሪ ወረቀት ተለጥፎ ቁጥሩ ከቆጣሪው ጋር ከሄደ፣ እውነት ነው። በዓመት ሁለት ሺህ ኪሎ ሜትር ማለት ነው። ለበዓል ብቻ ለወጣች መኪና ያስኬዳል።

አሁን ወደ ሥራው። እኔ ሁልጊዜ ከሚያቆመው ነው የምጀምረው፤ የሚያስኬደው ይደርሳል።

የጎማው ጥርስ አያታልልሽ። ጎማው ጎን ላይ "ዶት" (DOT) ብሎ የሚጀምር ጽሑፍ አለ። መጨረሻው ላይ አራት ቁጥር ታገኛለሽ። 2309 የሚል ከሆነ በፈረንጆች 2009 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ቁጥሩ ሦስት ብቻ ከሆነ ከ2000 በፊት የተሠራ ስለሆነ አንድ ቀን እንኳን አትንጂበት። ሙሉው ጽሑፍ በአንዱ ጎን ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ከውጭ ካጣሽው መኪናዋ ሥር ገብቶ የሚያይልሽ ሰው ፈልጊ። አሥር ዓመት ያለፈው ጎማ ምንም ያህል ቢያምር ይቀየራል። ላስቲኩ ደርቆ እንደ ቀንድ ይጠነክራል፣ ክረምት ላይ በረጠበ ኮብልስቶን አይዝም። ትርፍ ጎማውንም እዪ፣ ሁሉም ሰው ይረሳዋል።

ቀጥሎ የፍሬን ዘይት። ከአየር እርጥበት ይስባል። ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል። እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን ወደ 140 ሊወርድ ይችላል። ከተማ ውስጥ አይታወቅሽም። ከደባርቅ አልፈሽ ሊማሊሞን ስትወርጂ ነው የሚታወቀው፤ ፍሬኑ ይግላል፣ ዘይቱ ይፈላል፣ እግርሽ እስከ ወለሉ ይሰምጣል። በየሁለት ዓመቱ ነው የሚቀየረው። ያንቺ ዘይት ቀለሙ እንደ ቡና ከሆነ ዛሬውኑ አስቀይሪው። ከአራቱም ጎማ ንጹሕ ዘይት እስኪመጣ ድረስ ይጣላል። ከላይ መሙላት ብቻ ጥቅም የለውም። በዚያው ጎማው ሲፈታ ካሊፐሩ (ፍሬኑን የሚጨብጠው) የሚንሸራተትባቸው ዘንጎች መንቀሳቀሳቸውን ያረጋግጡልሽ። በቆመ መኪና ዝገት ይይዛቸዋል፣ የፍሬን ሸራውም ባንድ ወገን ብቻ ያልቃል።

ስለ ጉልበቷ። እህትዓለም፣ መኪናሽ ምንም አልሆነችም። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ነች። አየሩ ስስ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛውን ያህል ያጣል። ያንቺ ሞተር ሰቨን ኤ (7A) የሚባለው ዓይነት ከሆነ ፋብሪካው 116 ያህል የፈረስ ጉልበት ነው የሰጠው። እዚህ ከ90 ብዙም አይበልጥም። "እናስተካክልልሽ" ብሎ ቤንዚን እንዲጨምርብሽ ለማንም አትፍቀጂ። ካርቡሬተር አይደለችም፣ ኮምፒውተሯ ራሱ ከፍታውን አውቆ ቤንዚኑን ይቀንሳል።

የሚያውቀው በምን መሰለሽ? ከአየር ማስገቢያው ተነስታ ወደ አንድ ትንሽ ሴንሰር የምትሄድ ቀጭን ጥቁር ቱቦ አለች። የትንሽ ጣት ያህል እንኳ አትወፍርም። ሴንሰሩ በእሷ በኩል ነው ሞተሩ ውስጥ ያለውን የአየር ግፊት የሚለካው። ጫፏ ላይ ከተሰነጠቀች የተሳሳተ ግፊት ያነባል፣ ሞተሩ ላይ ብዙ ጫና ያለ ይመስለዋል፣ ቤንዚን ያበዛል። ያኔ ጭስ ማውጫው ይጠቁራል፣ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል፣ ካንዴላው (ቤንዚኑን በእሳት የሚያቀጣጥለው) ጥላሸት ይለብሳል። ያቺን ቱቦ ከሁለቱም ጫፍ ነቅለሽ ጎንበስ አድርገሽ እያት። ስትታጠፍ ጭረት ካሳየች አርጅታለች።

ሌላም ላሳይሽ፣ ገንዘብ አያስወጣም። ሞተሩ አጠገብ "ዳያግኖሲስ" ተብሎ የተጻፈበት ክዳን ያለው ትንሽ ጥቁር ሳጥን አለ። ክዳኑ ውስጠኛ ክፍል ላይ የቀዳዳዎቹ ስም ተጽፏል። "ቲኢ 1" (TE1) እና "ኢ 1" (E1) የሚሉትን ብቻ ፈልገሽ በቁራጭ ሽቦ አገናኚያቸው። ሌላ ቀዳዳ እንዳትነኪ። ከዚያ ሞተሩን ሳታስነሺ ቁልፉን ክፈቺ። ዳሽ ቦርዱ ላይ የሞተር ምልክት ያለው መብራት ይርገበገባል። ሳያቋርጥ በእኩል ፍጥነት ከተርገበገበ ችግር የለም። ቆም እያለ ከቆጠረልሽ ቁጥር እየሰጠሽ ነው። ለምሳሌ ሁለቴ፣ ትንሽ ቆሞ ሁለቴ ማለት 22 ነው፣ የውሃ ሙቀት ሴንሰር። ሦስቴ፣ ቆሞ አንዴ 31 ነው፣ ያልኩሽ የግፊት ሴንሰር። ቁጥሩን ጻፊና ላኪልኝ።

ቴርሞስታቱን እንጣለው ያለሽን ሰው ስላልሰማሽው ተባረኪ። ይህ ነገር በእጅጉ ያናድደኛል። ቴርሞስታት 82 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚከፈተው። እስከዚያ ሞተሩ እንዲሞቅ ውሃውን ይይዘዋል። ከተወገደ ሞተሩ በጎንደር ብርድ ለከተማ ጉዞ ጨርሶ አይሞቅም። ያልሞቀ ሞተር ኮምፒውተሩ "ገና ቀዝቃዛ ነኝ" ብሎ ቤንዚን ይጨምርበታል፣ ዘይቱ ውስጥ ቤንዚንና ውሃ ይጠራቀማል፣ ሲሊንደሩ ያለ ዕድሜው ይበላል። መኪና ከሞቀ ምክንያት አለው። ራዲያተሩ ተደፍኗል፣ ቬንቲሌተሩ አይዞርም፣ ወይ ክዳኑ አይዝም።

ክዳኑ! ይህን ሰው ከቁም ነገር አይቆጥረውም። ጎንደር ላይ ውሃ የሚፈላው 93 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ሞተርሽ ደግሞ እዚያው አካባቢ ነው የሚሠራው። እንዳይፈላ የሚይዘው ክዳኑ የሚፈጥረው ግፊት ነው። የክዳኑ ላስቲክ ከደረቀ ወይም ስፕሪንጉ ከላላ፣ መኪናዋ እዚህ ቶሎ ትፈላብሻለች። በአዲስ ክዳን ቀይሪውና እረፊ። ሞተሩ ትኩስ እያለ ግን እንዳትከፍቺው። ውሃ ብቻ አትሙዪ፣ ውሃ ያዝገዋል። አንቱፍሪዝ ከተጣራ ውሃ ጋር ግማሽ በግማሽ አድርጊው። የራዲያተሩን ሁለት ትልልቅ ቱቦዎች በጣትሽ ጫን ጫን አድርጊ። እንደ አዲስ ላስቲክ ካልተመለሰ፣ ወይ ሲጫን እንደ ደረቅ ቅጠል ካንሿሿ፣ አብሮ ይቀየር።

የታይሚንግ ቺንጋው ይቀየር። ጓደኞችሽ ያሉት 100 ሺህ የኪሎ ሜትሩ ገደብ ነው። የዓመቱም ገደብ አለ፣ እሱ ካለፈ ቆይቷል። አንድ የሚያጽናና ነገር አለ። ሰቨን ኤ ሞተር ላይ ቺንጋው ቢበጠስ ቫልቭና ፒስተን አይጋጩም። ሞተሩ ባለሽበት ቀጥ ይላል እንጂ አይሰበርም። ግን ሌሊት ከከተማ ውጭ ቀጥ ቢልብሽስ? ሲፈታ ቺንጋውን የሚወጥረውን ቴንሽነርና የካምና የክራንኩን ፓራኦሊዮ አብረሽ አስቀይሪ። የውሃ ፓምፑ የሚዞረው በዲናሞው ቺንጋ ነው፤ ከሥሩ የደረቀ የውሃ መስመር ካየሽ ግን እሱም ጊዜው ደርሷል።

ዘይት 3.7 ሊትር ከነፊልትሮው ትወስዳለች። 10 በ30 ወይም 10 በ40 ይሁን። ለቆየች መኪና የመጀመሪያውን ቶሎ ነው የምጥለው፤ አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር ሄደሽ እንደገና ቀይሪ። የድሮውን ቆሻሻ አጥቦ ያወጣልሻል። የቤንዚን ፊልትሮም ቀይሪ። ሳልባትዮው ውስጥ ያለው ቤንዚን ስንት ጊዜ እንደቆየ አይታወቅም። ቤንዚን ሲጠፋ መንገድ ዳር በጀሪካን የሚሸጠውን ለዚች መኪና አታድርጊ። ወረፋውን መያዝ ይሻላል።

ላቫጆ ስትወስጂያት ሞተሩን በኃይለኛ ውሃ እንዳይመቱት ንገሪያቸው። ዲስትሪቢዩተሩ (እሳቱን ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍለው) ውስጥ ውሃ ከገባ ማግስቱን አትነሳልሽም።

የሶማሌ ተራው፦

የጋሼ መካኒክ ምክር ልክ ነው። እኔ ከአዲስ አበባ ነኝ፣ ዕቃ ነው የምሸጠው። በዕቃ በኩል ልጨምር።

ሊብሬሽን አውጥተሽ የሞተር ቁጥሩን እዪ። ሰቨን ኤ ብሎ ከጀመረ ዕድለኛ ነሽ። ያው ሞተር በአውሮፓ ካሪና ኢ ላይም ይገኛል፣ ከኮሮላው ፎር ኤ (4A) ሞተር ጋርም ቤተሰብ ነው። ብዙ ዕቃ ይገኝልሻል። ግን ተጠንቀቂ፣ የታይሚንግ ቺንጋው አንድ አይደለም። የሰቨን ኤ ብሎክ ከፍ ስለሚል ቺንጋው ይረዝማል። "የኮሮላ ነው፣ ይገባል" ብሎ የሚሸጥልሽ ይኖራል፤ አይገባም። ምንጊዜም የሻንሲ ቁጥሩን ለሻጩ ስጪ። ከተቻለ ደግሞ አሮጌውን ፈትተሽ ፎቶውን ላኪ።

የማይገኘው የሞተር ዕቃ አይደለም፤ የአካሏ ዕቃ ነው። የፊት መብራት፣ የበር ላስቲክ፣ መስታወት፣ የውስጥ ፕላስቲክ፣ ትናንሽ ማያያዣዎች። ሴሊካ አገራችን ውስጥ ስንት አለ? በ2016 ዓ.ም ደግሞ የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ተከልክሏል፣ ስለዚህ ተጨማሪ አይመጣም። ጋራዥ ስትገቢ የተፈታውን እያንዳንዱን ማያያዣ በፌስታል አድርገው እንዲመልሱልሽ ጠይቂ። ከሞተሩ ሥር ያለውን የፕላስቲክ መሸፈኛም "አያስፈልግም" ብለው እንዳይጥሉት። ጭቃና ጠጠር የሚከላከለው እሱ ነው።

ጣና ዳር፦

እኔም የድሮ መኪና አለኝ፣ ባሕር ዳር ነው ያለሁት። በኔ አስተያየት እንዲህ ያለች ንጹሕ መኪና ብዙ መነዳት የለባትም። ሸፍነሽ አስቀምጫት፣ ለጥምቀት፣ ለፋሲካ አውጪያት። ዋጋዋ እየጨመረ ነው የሚሄደው። ክረምት ላይ ደግሞ ጨርሶ አታውጫት፣ የጎንደር ኮብልስቶን ሥሯን ይጨርሰዋል።

የአውቶፓርኮው መካኒክ፦

ወንድሜ፣ አክብሬህ ነው፣ በዚህ አልስማማም። እስካሁን የጎዳት መቆሙ ነው። ፓራኦሊዮ ሲቆም ዘይት አይነካውም፣ ይደርቃል። ፍሬኑ ይዝጋል። ባትሪው ይሞታል። ጎማው ባንድ ቦታ ይተኛል። ሰው መኪና እየወደደ በሸራ ሥር የሚገድልበት ጊዜ ብዙ ነው፤ በጋራዤ አይቼዋለሁ፣ ያሳዝነኛል። ቢያንስ በሳምንት አንድ ቀን ትውጣ። ከማራኪ ፒያሳ ደርሶ መመለስ አይበቃትም፣ ሞተሩ ሳይሞቅ ነው የሚጠፋው። አዘዞ ድረስ ትሂድ፣ አየር ማረፊያውን አልፋ ትመለስ። የሙቀት መለኪያው መርፌ መሀል ደርሶ ከቆመ በኋላ ቢያንስ ሃያ ደቂቃ ትሂድ። ግቢ ውስጥ አስነስቶ ማቆም ግን ጥቅም የለውም፣ ፍሬኑም ካምቢዮውም አይሠራበትም።

ኮብልስቶኑ ላይ እውነትህን ነው፣ ዝቅ ያለች ነች። ቀስ ብሎ ነው። እብጠቱን በሰያፍ ሳይሆን ቀጥ ብለሽ፣ በአንደኛ ማርሽ እለፊው። የፊት ጎማውን የሚያዞረውን የሲቪ ጆይንት ላስቲክ በየዘይት ቅያሪው አሳዪ። ከተቀደደ ግራሶው ይወጣል፣ አቧራ ይገባል፣ ከዚያ መሪ ስትጠመዝዢ ቀጭ ቀጭ ይላል። ላስቲኩ ርካሽ ነው፣ ጆይንቱ ግን ውድ ነው።

የማራኪዋ ነርስ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ ያሉኝን አደረግሁ።

ሁለቱ የፊት ጎማዎች 2017 ናቸው። የኋላዎቹ 2010! ጥርሳቸው አንድ ዓይነት ስለሆነ በፍጹም አልገመትኩም ነበር። ትርፉ ጎማ ላይ ሦስት ቁጥር ነው ያለው፣ ከመኪናዋ ጋር የመጣው ነው መሰለኝ።

በሽቦ አገናኝቼ መብራቱን አየሁት። ሳያቋርጥ በእኩል ነው የሚርገበገበው፣ ቁጥር አልሰጠኝም። ቀጭኗን ቱቦ ግን አገኘኋት። በሴንሰሩ በኩል ያለው ጫፍ ሳጎብጠው ተሰነጠቀ። የጭስ ማውጫው ውስጥ ጣቴን ሳስገባ ጥቁር ጥላሸት ነው ያለው። የፍሬን ዘይቱ ደግሞ በእውነት ቡና ነው፣ አተላ ነው የሚመስለው።

የሞተር ቁጥሩ ሰቨን ኤ ነው። ኮፈኑ ሥር ወረቀት አለ፣ በአውሮፓ ቋንቋ የተጻፈ፣ 38 ሺህ ላይ ዘይት ተቀይሯል ይላል። የፔዳሎቹ ላስቲክ መስመር አልጠፋም። ቆጣሪው እውነት ነው ማለት ነው?

ለሚቀጥለው ወር ቤተሰብ ለማየት ባሕር ዳር ልሄድባት አስቤ ነበር። ይቻላል?

የአውቶፓርኮው መካኒክ፦

ቆጣሪው እውነት ነው፣ ደስ ይበልሽ።

ቱቦዋ ኮድ ሳትሰጥ መሰንጠቋ የተለመደ ነው። ኮምፒውተሩ ኮድ የሚሰጠው ሴንሰሩ ከናካቴው ሲጠፋ ነው። አሁን የተሰነጠቀውን ጫፍ በምላጭ ቆርጠሽ መልሰሽ ስኪው፣ ርዝመቱ ይበቃል። ያ ለጊዜው ነው። ሙቀትና ቤንዚን የሚችል ተመሳሳይ ውፍረት ያለው ቱቦ እኔ ጋ አለ፣ በሜትር ነው። ካንዴላዎቹም ይፈቱና ይታዩ። ጥላሸት ከለበሱ ይቀየሩ። ከዚያ በኋላ ዳገቱ ላይ ትንሽ ልዩነት ታያለሽ። የጎንደርን አየር ግን ማንም አይቀይርልሽም።

ባሕር ዳር 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚህ የፍሬን ዘይትና በ2010 ጎማ አትሄጂም። ሁለት አዲስ ጎማ ስትገዢ አዲሶቹ ከኋላ ይሁኑ። ሰው ፊት ነው የሚያስገባው፣ የምትጎትተው በፊት ስለሆነ። ግን እርጥብ ላይ መጀመሪያ የኋላው ከለቀቀ መኪናዋ ትዞርብሻለች፣ መመለስ ይከብዳል። የ2017ቱ ከፊት ይቆዩ፣ እነሱም ብዙ አይቀራቸውም። ትርፉን አስወግጂው።

ለፍሬን ዘይቱ በዚህ ሳምንት አምጪያት፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ አለሁ። ሙሉ በሙሉ አቀዝቅዘሽ አምጪያት፣ የራዲያተሩን ክዳንና ቱቦዎቹን አብረን እናያለን። የታይሚንግ ቺንጋውን ከሶማሌ ተራው ወንድማችን እዘዢ። ስታዢ ቴንሽነሩን፣ የካምና የክራንክ ፓራኦሊዮውን፣ የቫልቭ ክዳኑን ጓርኒሲዮንና የዲስትሪቢዩተሩን ኦሪንግ (ክብ የላስቲክ ማሸጊያ) ባንድ ላይ ይላኩልሽ። ያ ኦሪንግ በዚህ ሞተር ላይ ዘይት ማንጠባጠብ ልማዱ ነው። አንዱ ጎድሎ ከመጣ ሞተሩን ሁለት ጊዜ ልንፈታ ነው፣ የእጅ ዋጋውም ሁለት ጊዜ ይሆንብሻል።

የሶማሌ ተራው፦

የሻንሲ ቁጥሩን በውስጥ መስመር ላኪልኝ እህቴ። እዚህ ላይ በግልጽ አትጻፊው። ቺንጋውና ፓራኦሊዮዎቹ ይገኛሉ። ቴንሽነሩን ኦሪጅናል ካላገኘሁ እነግርሻለሁ፣ ያገለገለ አልልክልሽም።